የፋሲካ ቅርጫ በኮንዶሚኒየም፦ 11 ቤት፣ አንድ ሻኛ፣ ስምንት ቅልጥም

አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)

ለፋሲካ በብሎካችን 11 ቤት ቅርጫ ልንገባ ተስማምተናል። በሬው አልተገዛም፣ ብሩም አልተሰበሰበም፤ ኩርፊያው ግን ከወዲሁ ተጀምሯል። ሁለት ቤቶች ግማሽ ግማሽ መደብ (ድርሻ) ነው የምንፈልገው ይላሉ። አንድ አባወራ «እኔ አልመጣም፣ ለዕጣው ልጄን እልካለሁ» ብለዋል። ቆዳና ጭንቅላቱ ለአራጁ ይሰጥ የሚል አለ፣ ይሸጥ የሚል አለ። ምድር ቤት ያሉት ቅርጫው ውስጥ የሉበትም፤ በራችን ላይ እንዳይታረድ ብለው አስቀድመው ተናግረዋል። ጥበቃው ደግሞ «የኔስ ነገር?» እያለ ነው። ሥርዓቱን የምታውቁ፣ ከግዢ እስከ ዕጣ ድረስ እንዴት ቢደረግ ነው ሰው የማይቀያየመው? ሥጋ በልተን ሰላምታ ከምናጣ ሽሮ ይሻለናል።

ባለሚዛን

ከቁጥሩ ጀምሩ። 11 ቤት ብትሆኑም ሁለቱን ግማሾች ካጣመራችኋቸው 10 መደብ ናችሁ። ግማሽ መደብ የሚባል ነገር ሜዳ ላይ አይሠራም፤ ዝርዝሩ ላይ በአንድ ስም ይመዝገቡ፣ አንድ ዕጣ ያውጡ፣ ቤት ገብተው እርስ በርስ ይካፈሉ። አንደኛው ሥጋውን ለሁለት ይመድብ፣ ሁለተኛው ቀድሞ ያንሳ። ያን ጊዜ የሚመድበው ራሱ ተጠንቅቆ ያስተካክላል።

ከዚያ ሰው ምን ያህል ሥጋ እንደሚደርሰው አስቀድሞ ይወቅ። በቁሙ 300 ኪሎ ገደማ የሚሆን በሬ ሲታረድ ከነአጥንቱ የሚተርፈው ግማሽ ያህሉ ነው። 150 ኪሎ ለ10 ሲካፈል 15 ኪሎ፣ ያውም አጥንት ያለበት። «ይህን ሁሉ ብር ከፍዬ ይቺ ናት?» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ይህን ስሌት ካልሠራ ሰው ነው።

ብሩ ገዢዎቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ይጠናቀቅ። በሬው ከታሰረ በኋላ እከፍላለሁ የሚል ሰው ዓይቶ የመሸሽ ዕድል ስላለው የእሱ ድርሻ ሌሎቹ ላይ ይወድቃል። የበሬውን ዋጋ ብቻ አትሰብስቡ፦ ደላላ፣ የጭነት ኢሱዙ፣ ገመድ፣ ድርቆሽ፣ አራጅ፣ የጽዳት ሰው፣ ለጥበቃ የሚሰጠው፣ ሸራና ማዳበሪያ ከረጢት አለ። በሬው ለምሳሌ 120,000 ብር ቢታሰብ 132,000 ሰብስቡና የተረፈውን በዕጣው ቀን እዚያው መልሱ። የሚመለሰው 200 ብርም ቢሆን መልሱት። ገንዘብ ያዡን ከሐሜት የሚያድነው እሱ ነው።

ገዢ ሦስት ሰው ይሁን፦ ከብት የሚያውቅ፣ ብር የሚይዝ፣ ዋጋ ሲቆረጥ ቆሞ የሚሰማ። ሸጎሌም ሂዱ ካራ አሎ ወይም አቃቂ የከብት ገበያ፣ ዋጋው እንደተቆረጠ የበሬው ፎቶና ብሩ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ይውጣ። ማታ ቤት ገብቶ የሚነገር ዋጋ «ኮሚሽን በልተዋል» ያሰኛል።

ሆዱ የተነፋ በሬ አያታልላችሁ፤ ጨው አልሰው ውሃ ጠጥቶ እንዲሞላ የሚያደርጉ አሉ። የጎድኑን ላይና የጅራቱን ሥር በእጅ ዳስሱ፣ ስብ ካለ እዚያ ይገኛል። ጥርሱንም እዩ፤ ያረጀ የእርሻ በሬ ቢሰባም ሥጋው ያታክታል። ጸሎተ ሐሙስ መግዛት ጥሩ ነው፦ ቀደም ካለ የመኖና የጥበቃ ወጪ ይበዛል፣ ቅዳሜ ሹር ከሆነ ደግሞ የተረፈውን በተጠየቃችሁት ዋጋ ትወስዳላችሁ። ከመታረዱ በፊት ግማሽ ቀን ያህል ውሃ ብቻ ይጠጣ። ፈርሱ ይቀንሳል፣ ጨጓራ ሲከፈትም ሥጋ ላይ የሚረጨው ያንሳል።

ቢላዋ ያዥ

ስለ ክፍፍሉ እኔ ልጨምር፣ ጠቡ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ።

የሚበዛውን ነገር ማካፈል ማንም አያቅተውም። ታላቅ፣ ታናሽ፣ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ወርች፣ አንገት እያንዳንዱ ለብቻው 10 ቦታ ይቆረጥና በየመደቡ ይጣላል። አንዱን ብልት ሳትጨርሱ ሌላውን አትጀምሩ፤ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን እየቆረጠ ከጣለ አንዱ መደብ ሁለት ጊዜ ሽንጥ አግኝቶ ሌላው ባዶ ይቀራል፣ ማን እንደጎደለውም የሚያስታውስ አይኖርም።

የሚያጣላው ጥቂቱ ነው። ሻኛ አንድ፣ ጭቅና ሁለት፣ ምላስ አንድ፣ ልብ አንድ፣ ኩላሊት ሁለት፣ ጅራት አንድ። ሻኛውን ከላይ ወደ ታች ሸንሽኑት፤ አግድም ከተቆረጠ ላይኛውን ያገኘ ጮማ ብቻ፣ ታችኛውን ያገኘ ቀይ ብቻ ይደርሰዋል። ጭቅና ጫፉ ቀጭን ስለሆነ በርዝመት አትለኩት፤ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ያለው ቁራጭ ረዘም ይበል። ምላስና ሰንበር አብሮ የሚሠራ ስለሆነ ለሁሉም አብሮ ይድረስ። ኩላሊት፣ ልብና ጣፊያ ተከትፈው ከጉበቱ ጋር ቢደባለቁ ማንም አይከፋውም።

ቅልጥም ላይ ቆም በሉ። መቅኔ ያላቸው ትልልቅ አጥንቶች በእያንዳንዱ እግር ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ናቸው። ቅርጫ ለ8 ሲሆን የሚቀለው ለዚህ ነው። ለ10 ግን ሁለት መደብ ይጎድለዋል። መፍትሔው ጅራቱን ለሁለት ከፍሎ ቅልጥም ላልደረሳቸው መደቦች ከፍሪምባ አጥንት ጋር መጨመር ነው። ይህን ከማረዱ በፊት ተናገሩት፤ ካረዳችሁ በኋላ የተነገረ ሁሉ ሰበብ ይመስላል። ቅልጥሙን በመጥረቢያ አትፍለጡ፣ ስብርባሪው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጥርስ ይሰብራል፤ መጋዝ ተዋሱ።

ሚዛን አምጡ የሚል ሰው አይጠፋም። ሚዛን ክብደት እኩል ያደርጋል እንጂ አጥንትና ጭቅናን እኩል አያደርግም። ስለዚህ በመጀመሪያ በዓይን ተካፈሉ። ከታላቅ ወይም ከታናሽ 4 ኪሎ ቀይ ሥጋ ለብቻው አስቀምጡ፤ መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ ያነሰው መደብ ከሱ ይሞላለት።

ቅምሻውን እንዳትረሱ። ቆራጮቹ ሚጥሚጣ ይዘው ሲቀምሱ ሲቀምሱ የሻኛው ጫፍ የት እንደገባ ሳይታወቅ ያልቃል፣ ያልመጣው ሰው ሌላ ሰው ነግሮት ይሰማል። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ለቅምሻ ተብሎ ከመጀመሪያው ይነሳ፣ ሲያልቅ አለቀ። በጥሬው ከመቅመሳችሁ በፊት ግን ምላሱን፣ የመንጋጋውን ሥጋና ልቡን ሰንጥቃችሁ እዩ። የሩዝ ፍሬ የሚያክል ውሃ የቋጠረ ነጭ ነገር ካለ የኮሶ እጭ ነው፤ ያ በሬ ጥሬውን አይበላም። ባይታይም የለም ማለት አይደለም፣ ቄራ ሐኪም አይቶ ማኅተም የሚመታው በከንቱ አይደለም።

ዕጣው፦ ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይሰበሰባል፣ ቁልፍም ቅጠልም ጠጠርም ይሁን። መደቡ ሲሠራ ያልነበረና የማን ምን እንደሆነ ያላየ ልጅ በየመደቡ ላይ ይጥላል። ከዚያ በኋላ መለዋወጥ በሁለት ሰዎች ፈቃድ ብቻ። ልጃቸውን የሚልኩት አባወራ ይላኩ፣ ችግር የለውም፤ የወጣውን ይዞ ይሄዳል፣ ማታ መጥቶ መክሰስ የለም። የልጁ እጅ ግን ባዶውን አይምጣ፣ ሳፋ ወይም ገበቴ ይያዝ። ትኩስ ሥጋ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ይሸታል፣ ከዚያ «የኔ መደብ የተበላሸ ነበር» ይባላል።

የቄራ ልጅ

ቆዳና ጭንቅላት ለአራጅ ይሰጥ የሚለው የድሮ ልማድ ነው፣ ቆዳ ዋጋ በነበረው ጊዜ የመጣ። አሁን ቆዳ ገዢ አጥቶ በበዓል ማግስት መንገድ ላይ ተጥሎ እናየዋለን። አራጁ ቆዳውን እንደ ክፍያ ቆጥሮ ዋጋ ይቀንስልናል ብላችሁ አታስቡ። ጭንቅላቱ ግን ለቅቅል የሚፈልገው አይጠፋም፤ ከመካከላችሁ የፈለገ በጨረታ ይውሰድና ብሩ ወደ ጋራ ወጪ ይግባ።

ከአራጁ ጋር ስትዋዋሉ «ማረድ» ብቻ አትበሉ። መግፈፍ፣ ጨጓራ ማራገፍና ማጠብ፣ ብልት ማውጣት፣ አጥንት መቁረጥ ተለይቶ ይነገር። የበዓል አራጅ በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ቤት ቃል ይገባል፤ ብልቱን አውጥቶ ሳይጨርስ ይሄድባችኋል። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ ዕጣ ሲጣል ስጡት።

ምድር ቤት

የእናንተ ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶች ትክክል ናቸው። በአንድ ደረጃ 20 ቤት ቢኖርም ሽታው፣ ዝንቡና ውሻው የሚያድረው እነሱ በር ላይ ነው።

ኮሚናል (የጋራ መገልገያ) ሕንፃው መጀመሪያ የተሠራው ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ ነው። ከኮሚቴው ቁልፍ ቀድማችሁ ያዙ፣ ሌላ ብሎክም ያንኑ ቀን ይፈልገዋል። ሰዓቱን በወረቀት ለጥፉ፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እርድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ዕጣ፣ 5 ሰዓት ጽዳት። ለ10 መደብ ከዚህ ያነሰ ሰዓት አይበቃም። ሰው ሌሊቱን ቅዳሴ አድሮ ስለሚመጣ ከዚያ በፊት በር ላይ መጥረቢያ ማሰማት ነውር ነው።

ደሙ በጎርፍ መውረጃው አይሂድ፣ ፈርሱ ደግሞ ከቶ ማንሆል ውስጥ አይግባ። ፈርስ ከ30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ሣር ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ይተሳሰራል። ከሳምንት በኋላ ፍሳሹ የሚገነፍለው ምድር ቤት ባሉት ሽንት ቤት ነው፤ ጠቡም ያን ጊዜ ይነሳል፣ ማንም ግን ከፋሲካው ጋር አያገናኘውም። አምስት ማዳበሪያ ከረጢት አዘጋጁ፣ ቆሻሻ የሚያነሱትን ልጆች ደግሞ በዓል ስለሆነ ዓርብ ዕለት በገንዘብ ተነጋገሩ። ከማረዱ በፊት ሰጋቱራ ወይም አመድ ይነስነስ፣ ሲያልቅ በአካፋ ይነሳ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሁለት በርሜል ከቀደመው ቀን ሙሉ።

አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን። 10 መደብ ብለን ዘጋን፣ ኮሚናሉንም ያዝን። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ጥበቃው፣ እና ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን። እነሱ ለኢድ ሁሌም ይጠሩናል።

ቢላዋ ያዥ

ለጥበቃው በብር ስጡት፣ በሥጋም ከሆነ ከየመደቡ 300 ግራም ቢነሳ 3 ኪሎ ይሞላል፣ ለማንም አይታወቅም። ሳንባና የአንገት አጥንት ጠቅልሎ መስጠት ግን እንዳታደርጉት። ከዚያ ይልቅ ባይሰጥ ይከበራል። በግቢው አቅመ ደካማ እናት ካሉም በዚሁ መንገድ፣ ከዕጣው በፊት ይነሳ፣ ሰው ፊት አይሰጥ።

ለሦስተኛ ፎቆቹ ሥጋ አትላኩ፤ የክርስቲያን እርድ እንደማይበሉ እያወቁ መላክ አክብሮት አይመስልም። ድፎ ዳቦ ቁረሱ፣ ቡና አፍሉና ጥሯቸው። ሥጋ ያልነካው ድስትና ቢላዋ ካላችሁ ሽሮም ምስርም ይሆናል። በእነሱ በራፍ አልፋችሁ ሥጋ ስታወጡ ደረጃው ላይ የሚንጠባጠበውን የሚጠርግ አንድ ልጅ ከኋላ ይከተል።