የ10ኛ ክፍል ልጄ ከንፈሩ ሥር ኒኮቲን ይይዛል፤ ከየት ልጀምር?

የአራት ኪሎዋ እናት (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የ16 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ይማራል። ባለፈው ሳምንት ዩኒፎርሙን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታህል ክብ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘሁ። በውስጧ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ፣ ናና ናና የሚሸቱ ነጫጭ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ክዳኗ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ክዳን አለ፤ ስከፍተው ተመጥጠው የደረቁ ሁለት ከረጢቶች ተቀምጠውበታል። ማስቲካ አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጄን ስጠይቀው አልካደም። «ስኑስ» ይሉታል። ሲጋራ እንዳልሆነ፣ ጭስ እንደሌለው፣ በክፍሉም «ሁሉም» እንደሚይዝ በተረጋጋ ድምፅ ነገረኝ። አማቴም ከእሱ ጎን ቆሙ፤ እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሱረት ሲስቡ ኖረው በእርጅና እንዳረፉ እያስታወሱ «ምን አገኛቸው?» አሉኝ። ባለቤቴ በበኩሉ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያቀብለውን ልጅ ስም ካላወጣሁ እያለ ነው፤ እስከዚያውም ሲለቀቅ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እየጠበቀ ሊወስደው አስቧል።

ልጄ በትምህርቱ ደህና ነው፤ ቤት ውስጥም ጨዋ ነው። ወደዚህ የሳበው ምን እንደሆነ፣ እውነት ከሲጋራ የሚሻል ነገር እንደሆነ፣ ለትምህርት ቤቱ መናገርስ ይበጅ እንደሆነ የምታውቁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መምህር፣ ስድስት ኪሎ

እህቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ስለ ትምባሆ የሚለጠፈው ሁሉ፣ የጠቆረው ሳንባም ሆነ በቀይ መስመር የተሰረዘው ሲጋራ፣ የሚናገረው ስለ ጭስ ነው። ተማሪው ያንን ተምሮ ሲያበቃ ጭስ የሌለው ነገር ሲቀርብለት በእኛው ትምህርት ይከራከረናል። ልጅዎ «ጭስ የለውም» ያለው ዋሽቶ አይደለም፤ ያስተማርነውን መልሶ ነገረዎት።

ሁለተኛው ችግር አለመታየቱ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ተማሪ መጸዳጃ ቤት መደበቅ አለበት፤ ሽታውም ያጋልጠዋል። ይህንን የያዘ ልጅ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ የላይኛው ከንፈሩ በጥቂቱ ከማበጡ በቀር ምንም ሳይታይበት ክፍለ ጊዜውን ይጨርሳል። ከመምህር ዓይን ሥር ሆኖ አለመያዙ ራሱ ለልጆቹ ጨዋታ ሆኖላቸዋል። በአንድ ወቅት ቦርሳ መፈተሽ ተጀምሮ ነበር፤ የተያዙት ልጆች ከሳምንት ቅጣት ሲመለሱ በጓደኞቻቸው ዘንድ ከበፊቱ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ፍተሻ ብቻውን ይሠራል ብዬ አላምንም።

«ሁሉም ይይዛል» የሚለውን ግን ረጋ ብለው ይጠይቁት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚጠቀሙትን ጓደኞቻቸውን ቁጥር አብዝተው መገመታቸው በየአገሩ የታየ ነገር ነው። ከክፍሉ ልጆች መካከል በዓይኑ ያያቸውን በስም ሳይሆን በጣቱ ብቻ ይቁጠርልዎት፤ «ሁሉም» የተባሉት ምናልባት አብረውት የሚቀመጡት አራት አምስት ልጆች ይሆናሉ።

አባት፣ ልደታ

እኔ ይህን ያህል ምክክር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። በእኛ ጊዜ አባት አንድ ጊዜ ሲቆጣ ነገሩ ያበቃ ነበር። ሻጩ ተይዞ ይታሰር፤ ልጁም ይቀጣ። አገሩ ሕግ አለው አይደል?

የጥርስ ሐኪም፣ ሜክሲኮ

የልደታው ወንድማችን ሕጉን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ ጣዕምና መዓዛ የተጨመረበትን ትምባሆም እንዲሁ። የሚሸጥ ሱቅ ካለ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይቻላል። ይሁንና አዋጁ የሚቆጣጠረው ሻጩን ነው፤ ልጁን የሚቀጣ ሕግ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። እውነቱን ለመናገርም፣ እኛው አዋቂዎች ሕፃን ልጅ ጠርተን «ሂድ ከሱቅ ሲጋራ አምጣልኝ» ስንል ያደግን ነን፤ ባለሱቁም የልጁን ሳይሆን የላኪውን ፊት እያሰበ ይሸጣል።

ወደ እናት ጥያቄ ልመለስ። ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። የአማትዎ እናት ይስቡት የነበረው ሱረት የተፈጨ የትምባሆ ቅጠል ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጭስ አልባ ትምባሆን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል፤ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር ከእሱ ጋር ተያይዘዋል። አንድ ሰው ተጠቅሞ ረጅም ዕድሜ መኖሩ የሌሎቹን ዕጣ አይለውጥም፤ አማትዎን ግን በዚህ ባይሟገቷቸው ይሻላል፤ ለእሳቸው ነገሩ የእናታቸው ክብር ነው።

ነጫጮቹ ከረጢቶች ደግሞ በአብዛኛው የትምባሆ ቅጠል የለባቸውም፤ ከቅጠሉ የወጣ ወይም በቤተ ሙከራ የተሠራ ኒኮቲን፣ ማጣፈጫና መሙያ ናቸው። ስለዚህ «ከሲጋራ ያነሰ መርዝ አለው» የሚለው ክርክር ሲጋራ ለሚያጨስ ጎልማሳ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ምንም ለማያጨስ የ16 ዓመት ልጅ ግን ማነጻጸሪያው ሲጋራ ሳይሆን ባዶ አፍ ነው። በአንድ ከረጢት ውስጥ ከ3 እስከ 20 ሚሊ ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ የበዛ ኒኮቲን ይኖራል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በድድና በከንፈር መካከል ሲቆይ በአፍ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ወደ ደም ይገባል። ትኩረትንና ራስን መግዛትን የሚመራው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ስለሚቆይ፣ በዚህ ዕድሜ የሚጀመር ሱስ ከጎልማሳው ይልቅ ፈጥኖ ሥር ይሰዳል። ምርቱም ገበያ ላይ ከዋለ ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለሆነ 30 ዓመት የተጠቀመበት ሰው የለም።

ለማንኛውም የላይኛውን ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩለት። ከረጢቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነጣ ብሎ ከተሸበሸበ፣ ወይም ድዱ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር መታየት ከጀመረ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ይውሰዱት። ልጆች ከሩቁ ካንሰር ይልቅ በመስታወት የሚያዩትን ድድ ያምናሉ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ካዛንቺስ

እናቴ፣ እኔ 11ኛ ክፍል ሆኜ ጀምሬ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ስላቆምኩ ከውስጥ የማውቀውን ልንገርዎት። ማንም አላስገደደኝም። ከትምህርት በኋላ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ሳለ ዕቃዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ እርስዎ ጋ ስትደርስ አለመውሰድ ይቻላል፣ ግን አለመውሰድዎን ሁሉም ያያል። የመጀመሪያው ቀን አዙሮኝ፣ አስታውኮኝ፣ ስቅታ ይዞኝ ነበር፤ እነሱም ሳቁና «ትለምደዋለህ» አሉኝ። ያ ሳቅ የማሾፍ አልነበረም፤ ከእነሱ አንዱ መሆኔን የነገረኝ ነበር። የሳበኝ ይኸው ነው እንጂ ጣዕሙ አይደለም።

በነፃ የሚሰጠው ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መዋጮ አለ፤ የታክሲዬን ገንዘብ ለእሱ አውዬ ወደ ቤት በእግሬ የምሄድበት ጊዜ ብዙ ነበር። የሚያቀብለን ጀብሎ ወይም ባለሱቅ ሳይሆን የራሳችን ክፍል ልጅ ነበር፤ እሱም በቴሌግራም ያዝዛል፣ ከትርፉ የራሱን ድርሻ ያገኛል። ስለዚህ አባቱ የዚያን ልጅ ስም ቢያወጡ ልጅዎ በጓደኞቹ ፊት «አሳልፎ የሰጠ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ለእናቱ አንድም ነገር አይነግርም።

ያቆምኩት መክሮኝ የረታኝ ሰው ስለነበረ አይደለም። ታላቅ እህቴ የማትሪክ ጥናት አብረን እንድንይዝ ብላ ከሰዓት በኋላዬን ወሰደችብኝ፤ ሜዳው ጠርዝ ላይ መቀመጥ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ያነጫንጫል፣ አንድ ገጽ ደጋግሞ ማንበብ ይመጣል። ቤት ውስጥ ያንን ነጭናጫነት እንደ ጥጋብ እንዳይቆጥሩበት።

የአራት ኪሎዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቁጠር አልኩት፤ ሰባት ላይ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ከ50 በላይ ተማሪ አለ። ሰባት መሆናቸው እሱንም ሳያስገርመው አልቀረም፤ ዝም አለና «ከሌላ ክፍልም አሉ» አለኝ። ድዱን ለማየት ግን እሺ አላለኝም።

ለትምህርት ቤቱ የማንንም ስም ሳልጠራ፣ ስለ ጭስ አልባው ነገር ለወላጆች ስብሰባ እንዲጠሩ ብቻ ልጠይቅ አስቤአለሁ። ባለቤቴ ስሙን ማውጣቱን ትቶታል፤ በር ላይ መጠበቁን ግን አልተወም።

መምህር፣ ስድስት ኪሎ

ስብሰባው ሲጠራ ሥዕላዊ ማስታወቂያዎቹም እንዲለወጡ ያንሱላቸው፤ ወላጅ ሲናገር ከመምህር ይልቅ ይደመጣል። ድዱን ደግሞ ሐኪም ይየው፤ በዚህ ዕድሜ አፉን ለእናቱ የሚከፍት ልጅ አላጋጠመኝም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ካዛንቺስ

አባቱ በር ላይ ባይቆሙ እመርጣለሁ። በ16 ዓመቱ አባቱ እየመጣ የሚወስደው ልጅ በማግስቱ መሳቂያ ይሆናል፤ የመሳቂያውን ዕዳ የሚከፍለውም ዕቃዋ ስትዞር ቀድሞ በመውሰድ ነው። ይልቁንስ ከእነዚያ ሰባት ውጪ ያለ፣ ልጅዎ የሚወደው አንድ ጓደኛ ካለው ቅዳሜ ቤት ይጥሩት፤ ምሳ አብልተው ኳስም ቢሆን አብረው እንዲያዩ ይተዉአቸው፣ ስለ ከረጢቱ ግን በዚያ ቀን ማንም እንዳያነሳ። አባቱም ከሥራ ቶሎ መውጣት ከቻሉ በር ላይ ከሚቆሙበት ይልቅ ያን ሰዓት ቤት ውስጥ ቢገኙ ይሻላል።