የጠፈር መርከብ ሚኒየቸር ጨዋታ፦ ምኑ ነው የሚስበው? ተጫዋችስ ከየት ይገኛል?

ጀማሪ_ካፒቴን (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጠረጴዛ ላይ በትናንሽ ሞዴሎች የሚካሄደውን የጠፈር መርከቦች ውጊያ ልጀምር አስቤ ሦስት ነገር ግራ ገባኝ።

ኤክስ-ዊንግ የሚባለው የስታር ዋርስ ሚኒየቸር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2024 መቆሙን ሰማሁ። አሁን መግዛት ብር መጣል ነው? ደግሞስ ቼዝና ዳማ ለሚችል ሰው ይሄ ጨዋታ ምን የተለየ ነገር አለው? ዋናው ጥያቄ ግን ተጫዋች ነው። ቼዝ የሚጫወቱ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፤ ሚኒየቸር ግን ነክተው አያውቁም። ያለው ጠረጴዛ 90 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ100 ዶላር በላይ ማውጣት አልፈልግም።

መደወያ

በሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ከተመለሰ ሌላው ይቀላል።

በዳማ ቆርኪው ሁሉ ፊትህ ነው። ሰውየው ይጫወታል፣ አንተ አይተህ ትመልሳለህ። በኤክስ-ዊንግ ሁለታችሁም የምትወስኑት እኩል ነው። እያንዳንዷ መርከብ ክብ መደወያ አላት። ፍጥነቷንና መታጠፊያዋን በድብቅ ትመርጥና ፊቱን ደፍተህ አጠገቧ ታስቀምጣለህ። ከዚያ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። ስለዚህ የምትጫወተው ሰውየው አሁን ባለበት ቦታ ላይ ሳይሆን፣ ይሄዳል ብለህ በጠረጠርከው ቦታ ላይ ነው። ጨዋታው ሱስ የሚሆነው በዚህች ጥርጣሬ ነው፤ ሞዴሎቹ ቆንጆ መሆናቸው ምርቃት ነው።

ሌላው ብልሃት የተራ ቅደም ተከተሉ ነው። ዝቅተኛ ኢኒሼቲቭ (የተራ ቁጥር) ያለው ፓይለት ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ከፍተኛው ደግሞ ቀድሞ ይተኩሳል። ጎበዙ ፓይለት የሌሎቹን ቦታ አይቶ ይወስናል ብለህ እንዳትሳሳት፤ መደወያውን የሞላው እኮ ቀድሞ ነው። ለዚህ ነው ርካሿን መርከብ እሱ ሊያርፍበት በሚችለው ቦታ ላይ ቀድመህ የምታቆማት። ሲመጣ ይጋጫል፣ በእንቅስቃሴ መለኪያው ላይ ወደኋላ ይመለሳል፣ በ2.0 (በሁለተኛው እትም) ሕግ ደግሞ የዚያን ዙር አክሽኑን፣ ማለትም ከተንቀሳቀሰ በኋላ የሚሠራውን ተጨማሪ ነገር፣ ያጣል። አክሽን ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ቀዩ የማጥቂያ ዳይስ ስምንት ፊት አለው፦ 4 መምቻ (አንዱ ከባድ ምት ነው)፣ 2 ፎከስ፣ 2 ባዶ። በአክሽን የምታገኘው የፎከስ ምልክት ካለህ የፎከስ ፊቱም መምቻ ስለሚሆን የመምታት ዕድልህ በአንድ ዳይስ ከ50 ወደ 75 በመቶ ይወጣል። አረንጓዴው የመከላከያ ዳይስ 3 ማምለጫ፣ 2 ፎከስ፣ 3 ባዶ ስለሆነ ከ37.5 ወደ 62.5 ያድጋል። በርቀት 1 (ቅርብ) አጥቂው አንድ ዳይስ ይጨምራል፣ በርቀት 3 (ሩቅ) ደግሞ ተከላካዩ።

ስለ መግዛቱ፦ አሳታሚው አቶሚክ ማስ ጌምስ የጨዋታውን ልማት ማቆሙን ያስታወቀው በሰኔ 2024 ነው፤ ፕላስቲኩ ግን አይበላሽም። ሕጉንና የነጥብ ዝርዝሩን አሁን የሚይዙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ እነሱም ሁለት ጎራ ናቸው። ኤክስ-ዊንግ አሊያንስ የመጨረሻውን ሕግ ይዞ ቀጥሏል፣ ሌጋሲ የሚባሉት 2.0ን ያዙ። የነጥብ አቆጣጠራቸው ስለማይገናኝ አንድ ቡድን ጋ ከመሄድህ በፊት የትኛውን እንደሚጫወቱ ጠይቅ።

ያገለገለ ስትገዛ ደግሞ ይሄን አስተውል። የ2012ቱ አንደኛ እትምና የ2018ቱ ሁለተኛ እትም ሞዴላቸው አንድ ነው፤ መደወያው፣ ካርዱና የመቆሚያው ካርቶን ግን ይለያያል። ሻጩ «ሃያ መርከብ በርካሽ» ሲልህ የመርከቦቹን ሳይሆን የመደወያዎቹን ፎቶ አስልክ። አሮጌ መደወያ የያዘ ስብስብ ማስተካከያ ፓኬት ይፈልጋል፤ እሱም ከገበያ ወጥቷል። ሞዴሉን ከመቆሚያው ስታላቅቅ ክንፉን ይዘህ አትሳብ፤ ሆዱ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ዘንግ ይዘህ አውጣ። መጀመሪያ የሚሰበረው እሷ ናት።

ችግርህ ጠረጴዛው አይደለም። ኤክስ-ዊንግ የሚፈልገው 91 በ91 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ሴንቲ ቢጎድል ማንም አይከስህም።

ቆርኪ_አዛዥ (አዲስ አበባ)

መደወያ ስለ ድብቁ ትእዛዝ ያለው ልክ ነው። ግን ለዚያ ነገር ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ፉል ስረስት የሚባል ጨዋታ አለ። ግራውንድ ዜሮ ጌምስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው ያወጣው፤ ሁለተኛ እትሙ የ1992 ነው። የሕግ መጽሐፎቹን ድርጅቱ ራሱ በፒዲኤፍ በነፃ ለቋቸዋል። የማንንም ሞዴል ብታስቀምጥ ግድ የለውም፣ ቆርኪም ይሆናል። እዚህ ዳማ የምንጫወትባት ቆርኪ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነች ለመርከብ መቆሚያ ልኳ ነው። ወረቀት ለጥፍባት፣ ስም ጻፍ፣ አፍንጫዋን በቀስት ምልክት አድርግ። ቀስቱን አትርሳ፦ ለመለካት ስትጎነበስ ክርንህ ቆርኪውን ይነካዋል፣ ወዴት ዞሮ እንደነበር ጭቅጭቅ ይነሳል።

ትእዛዙ በወረቀት በድብቅ ይጻፋል። አቅጣጫ እንደ ሰዓት 12 ነጥብ አለው። ዋናው ነገር ፍጥነት መውረሱ ነው፦ በዚህ ዙር 6 የሄደች መርከብ ምንም ሳታዛት በሚቀጥለውም 6 ትሄዳለች። ምሳሌ ልስጥ። ፍጥነት 6፣ ግፊት (ፍጥነትና አቅጣጫ የመቀየር አቅም) 4 ያላት መርከብ አለችህ። ከግፊቷ ቢበዛ ግማሹን ለመታጠፍ ትጠቀማለች። «ቀኝ 2፣ ጨምር 2» ብለህ ጻፍክ እንበል። አዲሱ ፍጥነት 8 ሆነ። አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ዙር፣ 4 ሂድ፣ እንደገና አንድ ነጥብ ዙር፣ 4 ሂድ። መታጠፊያው ጎዶሎ ከሆነ ትንሹ ክፍል መጀመሪያ፣ ትልቁ መሐል ላይ ይውላል፤ ስለዚህ «ቀኝ 1» ሙሉ በሙሉ መሐል ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ እዚህች ጋ ይሳሳትና መርከቡ ካሰበው ሦስት አራት ሴንቲ ሸርተት ብላ ትገኛለች።

ሕጉ ርቀትን የሚቆጥረው በአንድ ወጥ መለኪያ ስለሆነ ኢንች ይሁን ሴንቲ ምርጫው የአንተ ነው። በኢንች ከሆነ 180 በ120 የሚሆን ጠረጴዛ ያስፈልግሃል፤ ለአንተ ሴንቲ ሜትር። ከፍጥነት 6 ወይም 8 ጀምሩ። 20 ከደረሳችሁ ተላልፋችሁ ከጠረጴዛው ትወጣላችሁ፤ ግፊት 4 ላላት መርከብ ከ20 መቆም አምስት ዙር ነው።

ጀማሪ_ካፒቴን

እናመሰግናለን። ቆርኪ_አዛዥ፣ ተኩሱንም እንዲሁ በቁጥር አሳየን። ለመጀመሪያ ቀን ስንት መርከብ ይበቃል?

ቆርኪ_አዛዥ

በየወገኑ ሁለት ክሩዘር (ትልቅ የጦር መርከብ) እና ሁለት ዲስትሮየር (ትንሽ)፤ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። የሚከተለውን ከመጽሐፉ አልቀዳሁትም፣ ለመማሪያ የተበጀ ነው። ክሩዘር፦ ግፊት 4፣ በአራት ረድፍ አምስት አምስት ሆኖ 20 የጉዳት ሳጥን፣ አንድ ጋሻ፣ ሦስት ባለ 2 ጨረር (መተኮሻ መሣሪያ)፣ ሁለት የዒላማ መቆጣጠሪያ። ዲስትሮየር፦ ግፊት 6፣ በአራት ረድፍ ሁለት ሁለት ሆኖ 8 ሳጥን፣ አንድ ባለ 2 ጨረር፣ ሁለት ባለ 1፣ አንድ መቆጣጠሪያ፣ ጋሻ የለውም።

የሉዶ ዳይስ ይበቃል፤ ስድስት ያህል ይኑሯችሁ። ባለ 2 ጨረር እስከ 12 ድረስ ሁለት ዳይስ፣ ከ12 እስከ 24 አንድ ዳይስ ይጥላል። ባለ 1 እስከ 12 ብቻ አንድ ዳይስ። 1፣ 2፣ 3 መሳት ነው፤ 4 እና 5 አንድ ጉዳት፤ 6 ሁለት ጉዳት። ጋሻ ካለ 4ም ይከሽፋል። ክሩዘር ጠጋ ብሎ ሲተኩስ 6 ዳይስ ይጥላል፦ ጋሻ በሌለው ላይ በአማካይ 4 ጉዳት፣ ጋሻ ባለው ላይ 3። 24 ላይ ሆኖ ሲተኩስ ግማሹን ያጣል። እንግዲህ ሩቅ ቆሞ መተኮስ ለምን እንደማያዋጣ ስሌቱ ራሱ ይነግርሃል።

ተኩሱ በየተራ ነው፤ አንድ የኔ መርከብ፣ አንድ ያንተ። ጉዳቱ ወዲያው ይቆጠራል። ሞተሯ በሠራበት ዙር መርከብ ወደኋላዋ ባለው 60 ዲግሪ አትተኩስም፤ ስለዚህ ሁሉም የሚሮጠው የጠላትን ጀርባ ለመያዝ ነው።

ጣፋጩ ክፍል የረድፍ ማለቅ ነው። አንድ ረድፍ ሳጥን ባለቀ ቁጥር በመርከቧ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ መሣሪያ ዳይስ ይጣላል፦ መጀመሪያ 6 ያመጣው ይበላሻል፣ በሁለተኛው ረድፍ 5 እና 6፣ በሦስተኛው 4፣ 5 እና 6። ሞተር መጀመሪያ ሲመታ ግፊቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ሁለተኛ ሲመታ ይቆማል፤ ቆመ ማለት ግን መርከቧ ትቆማለች ማለት አይደለም፣ በያዘችው ፍጥነት ቀጥ ብላ ከጠረጴዛው ትወጣለች እንጂ። ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች ከወደቁ ደግሞ ጨረሮቿ ሁሉ ደህና ሆነው መርከቧ ዕውር ናት። ሰው ከወንበሩ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተዋጊ ጄቶችን በመጀመሪያው ቀን አታስገቡ። በብዛት ሲመጡ የመርከብ መከላከያ አይችላቸውም፤ የዚህ ሕግ የታወቀ ድክመቱ ነው። ኋላም በየወገኑ ከአንድ ስኳድሮን (የጄት ቡድን) አትለፉ።

ጥቁር_ጨርቅ

ስለ ጠረጴዛው አንድ ነገር ልጨምር። የሚሸጠውን የጠፈር ምንጣፍ መግዛት የለብህም። ጥቁር የፍሊስ ብርድ ልብስ ጥሩ ነው፣ አይጨማደድም፤ አቡጀዲ ግን እጥፋቱ ቆርኪውን ያጋድላል። ነጭ አክሪሊክ ቀለም እንደ ወተት እስኪቀጥን በውኃ በጥብጠህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ፀጉሩን በአውራ ጣት ወደኋላ እየለቀቅክ ርጨው። መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ሞክር፤ ብሩሹ ገና ከቀለም ሲወጣ የሚተፋው ጠብታ የሽምብራ ፍሬ ያህላል።

ሞዴል ስትጀምር ደግሞ ሰው ከመቀባት መርከብ ይቀላል፣ ዓይን የለውማ። ጥቁር ፕራይመር (መሠረት ቀለም)፣ በላዩ በደረቅ ብሩሽ ግራጫ፣ ሞተሩ ላይ ደማቅ ሰማያዊ። በቃ። የብረት ሞዴል ከሆነ ከባድ ስለሆነ ቀጭን ዘንግ ላይ በሱፐር ግሉ ብቻ አይቆምም፤ ሆዱን ትንሽ ቦርቡረህ ዘንጉን አስገባ። መክሰስ ቆሎ ይሁን፤ ሳምቡሳ የበላ ጣት ቀለሙ ላይ ዘይት ይተዋል።

ሰንበት_ፍሊት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጀማሪ_ካፒቴን ወንድሜ፣ ወደ ዋናው ጥያቄህ ማንም አልመጣልህም። «ተጫዋች እየፈለግኩ ነው» የሚል ማስታወቂያ አይሠራም። መልሱ ሁልጊዜ «ደስ ይላል፣ አንድ ቀን» ነው፤ ያ ቀን አይመጣም። ምክንያቱም ሰውየው ምን መግዛት፣ ምን ማንበብ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን መርከቦች አንተ አዘጋጅ፣ ጠረጴዛውንም አንተ ዘርጋ። እንግዳህ ባዶ እጁን ይምጣ። ማስታወቂያው እንዲህ ይሁን፦ «እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ቦታው ይሄ፣ የጠፈር መርከብ ውጊያ፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ሁሉንም አመጣለሁ፣ ሕጉን በ15 ደቂቃ አስተምራለሁ።» ቀኑን በድምፅ ብልጫ አትወስን፤ በወር አንድ የተቆረጠ ቀን ያዝ፣ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ። ሁለት ሰው ቢመጣም አድርገው፣ ማንም ባይመጣም ቀኑን አትቀይር።

ቼዝ የሚጫወቱት ጓደኞችህ ከማንም ይሻላሉ። ግን በመጀመሪያው ጨዋታ አንተ ተቃዋሚ አትሁን። እነሱ እርስ በርስ ይጋጠሙ፣ አንተ ዳኛ ሁን፣ ሕጉን በሚያስፈልግበት ቅጽበት ብቻ ንገር። ሕግ አዋቂ ጀማሪውን ካሸነፈ ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። ከተቻለም ሦስተኛው የሳጥን ረድፏ ያለቀባት መርከብ ከጨዋታ እንድትወጣ ተስማሙ፤ የቆሰለች መርከብን ማሳደድ ያሰለቻል።

ከጓደኞችህ ውጭ፦ የጌም ሱቆች እያንዳንዱን ምሽት ለአንድ ጨዋታ ይመድባሉ። ደውለህ «የሚኒየቸር ምሽት መቼ ነው? ለማሳያ ጠረጴዛ ትሰጡኛላችሁ?» በል። ሱቁ የማይሸጠውን ጨዋታ ይዘህ ስለምትሄድ ከእነሱ አንድ ነገር ግዛ፣ ዳይስም ቢሆን። ቤተ መጻሕፍትም የስብሰባ ክፍል አላቸው፤ ቀደም ብሎ መያዝ ነው። ራቅ ካለ ደግሞ ሂስቶሪኮን የሚባለው የሚኒየቸር ተጫዋቾች ጉባኤ በጁላይ ላንካስተር፣ ፔንሲልቬንያ ይካሄዳል፤ ስሙ የታሪክ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን ስታይ ጠፈርም አይጠፋም። እዚያ አስተናጋጁ ሁሉንም ስለሚያቀርብ ሳትገዛ መሞከር ይቻላል።

ኤክስ-ዊንግን ብቻ ከፈለግክ ቫሳል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ከሩቅ ሰው ጋር ይጫወቱታል።

ቆርኪ_አዛዥ

በሱ ላይ ልጨምር። ፉል ስረስት ትእዛዙ የጽሑፍ ስለሆነ በቴሌግራም ያለ ምንም ፕሮግራም ይሄዳል። ሁለታችሁም ቤታችሁ አንድ ዓይነት ጠረጴዛ ትዘረጋላችሁ፤ የእያንዳንዷን መርከብ ቦታ ከግራ ጠርዝና ከታች ጠርዝ በሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ አቅጣጫና ፍጥነት ትጽፋላችሁ፦ «ክሩዘር 1፦ 34፣ 20፣ አቅጣጫ 2፣ ፍጥነት 8»። ትእዛዙ እኩል እንዲገለጥ መልእክቱን ለአንድ ዓይነት ደቂቃ ቀጥራችሁ አስቀምጡት፤ ቴሌግራም በተቀጠረው ሰዓት ራሱ ይልከዋል። ከተላከ በኋላ የተነካካ መልእክት «ተስተካክሏል» የሚል ምልክት ስለሚያወጣ ማጭበርበር ያስቸግራል። ዳይሱም እዚያው አለ፤ የዳይሱን ኢሞጂ ብቻህን ስትልክ ከ1 እስከ 6 በዕጣ ያወጣል።

በቀን አንድ ዙር ከሆነ አንድ ውጊያ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። ችግሩ ሰዓት ነው። «ማታ 3 ሰዓት» ስንል እዚህ 9 ፒ.ኤም. ነው፤ እናንተ ጋ ከማርች እስከ ኖቬምበር 2 ፒ.ኤም.፣ ከኖቬምበር በኋላ ደግሞ 1 ፒ.ኤም. ይሆናል። ስልካችሁ በሚያሳየው ሰዓት ጻፉት፣ አለበለዚያ የአንዱ ትእዛዝ ቀድሞ ይወጣና ዙሩ ይበላሻል።

ጀማሪ_ካፒቴን

ቆርኪ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፤ 8 ይበቃል አይደል? ባለ 2 ጨረር በ12 ድንበር ላይ በትክክል ከሆነ ስንት ዳይስ ነው?

ቆርኪ_አዛዥ

12 ድረስ ሁለት ነው፤ ካለፈ አንድ። የሚለካው ከመቆሚያ መሐል ወደ መቆሚያ መሐል እንጂ ከጠርዝ አይደለም። ቆርኪ 10 አድርገው፣ ሁለት መጥፋቱ አይቀርም።