አዛሊያና ሮዶደንድሮን በባሕር ዳር፦ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ እንቡጡም ሳይፈካ ይደርቃል

የሽምብጧ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሽምብጥ ግቢያችን ውስጥ ሁለት የአበባ ቁጥቋጦዎች አሉ። አንዱ ትንንሽ ቅጠል ያለው ሮዝ አዛሊያ ነው። ሌላው ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም የሆነ፣ ከውጭ የመጣ ሮዶደንድሮን ነው። ሁለቱም የተተከሉት ሐምሌ ላይ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ይጣበቃል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። የአዛሊያው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። የትልቁ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ይደርቃል፤ እንቡጥ ይይዛል እንጂ አይፈካም። የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ነው፤ በየወሩ የላም ፍግና ትንሽ አመድ ይደረግላቸዋል። ዩሪያ ልጨምር ወይስ ነቅዬ ሌላ ቦታ ልትከላቸው? ከጣና የሚወጣው እምቦጭ ኮምፖስት ቢሆንስ ይስማማቸዋል?

አፈርና ሥር፦

ዩሪያውን ለጊዜው ይተዉት። ናይትሮጅን ያነሰው ተክል ቢጫ መሆን የሚጀምረው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው፤ ቅጠሉም እንዳለ ይገረጣል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ያጠረው ብረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ግን ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6.5 በላይ ሲሆን የእነዚህ ተክሎች ሥር ሊወስደው አይችልም። የሚስማማቸው ከ4.5 እስከ 6 ያለው ነው፤ 5 ወይም 5.5 ቢሆን በጣም ጥሩ። የእርስዎ ጥቁር አፈር፣ የጉድጓዱ ውኃና አመዱ ሦስቱም ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፉታል። አመዱን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።

ሁለተኛው ችግር አየር ነው። ሥራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አብዛኛውም ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አይወርድም። ዋልካ፣ ማለትም እንደ እርስዎ ያለው ጥቁር አፈር፣ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ጠግቦ ሲቀመጥ ሥሩ ይታፈናል፤ ከዚያ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ በሽታ ይገባል። ብዙ ሰው ጥቁር አፈር ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈር ይሞላበታል። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በዙሪያው ያለው ውኃ ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ ይሰበሰባልና። ባሕር ዳር ሜዳው ላይ ያለው መፍትሔ ወደ ላይ መውጣት ነው፦ ከመሬቱ በላይ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ። ወርዱ ለአዛሊያው 1 ሜትር፣ ለትልቁ 1.5 ሜትር ይሁን። ዙሪያውን በደረቅ ድንጋይ ይካቡ፤ በሲሚንቶ አያያይዙት። ኖራ ከተቀባ ወይም በሲሚንቶ ከተለሰነ ግድግዳም ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥር ኖራው ወደ ሥሩ ይወርዳል።

ድብልቁ እንዲህ ነው፦ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 2 እጅ በግማሽ የበሰበሰ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት፣ 1 እጅ አተር የሚያህል ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ቀዩን አፈር ከመራዊ አቅጣጫ ቢያስመጡ ጥሩ ነው። እዚያ ገበሬውን የሚያስቸግረውና ኖራ የሚያስገዛው አሲዳማነት ለእነዚህ ተክሎች ሲሳያቸው ነው። ማሳው ኖራ የተደረገበት መሆኑን ግን ጠይቁ፤ በፒኤች ወረቀትም ለኩት። ቅጠሉ የግራቪሊያ፣ የጥድ ወይም የማንጎ ይሁን፤ 6 ወር ያህል ተከምሮ ይቆይ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ትኩስ ሰጋቱራ አይግቡበት። የቡና አተላ ከ10 አንድ እጅ ካልበለጠ አይጎዳም፤ ከተፈላ በኋላ አሲዱ ስለሚቀንስ አፈሩን ያስተካክልልኛል ብላችሁ ግን አትመኑበት።

ማዛወሩን እስከ ግንቦት መጨረሻ ጨርሱ፤ ሌላ ክረምት በዋልካው ውስጥ እንዳያሳልፉ። በዋዜማው በደንብ አጠጡ። ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን ቁረጡና ሥሩን ከነአፈሩ አንሡ። የተጣበቀውን ጥቁር አፈር በውኃ አጥባችሁ አራግፉ። ትልቁ ከውጭ ሲመጣ የነበረበት ቡናማ አፈር መሐሉ ላይ ሳይኖር አይቀርም፤ እሱ አንዴ ከደረቀ ውኃ አይቀበልም። ዙሪያው ቢረጥብም መሐሉ ደረቅ ይሆናል፤ የቅጠሉ ጫፍ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። በጣት አላሉትና አረፋው እስኪቆም ባልዲ ውስጥ ይንከሩት። ስትተክሉ የሥሩ አናት ከመደቡ ገጽ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቅር፤ መደቡ በኋላ ይሰጥማል። በእግር አትርገጡት። ከላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ቅጠል አልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካ። ከዚያ በኋላ መኮትኮት የለም፤ አረሙ በእጅ ይነቀላል።

የሽምብጧ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ውኃውስ? ከጉድጓዱ የጣና ይሻላል? ትንሹን በአበባ ሸክላ ማድረግስ ይቻላል?

አፈርና ሥር፦

የጣናም ፒኤቹ ወደ 8 የሚጠጋ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቢጠጣ ቀስ በቀስ ወደዚያው ይመልሰዋል። የዝናብ ውኃን የሚያህል የለም። ለአንድ ተክል ከጥቅምት እስከ የካቲት በየሁለት ቀኑ 3 ሊትር፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ በየቀኑ ከ2 እስከ 3 ሊትር ቢሰጥ በጠቅላላው ከ500 ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ይህ ባለ 200 ሊትር ሦስት በርሜል ነው። ከባሕር ዳር ክረምት አንጻር 10 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ከዚያ በላይ ያጠራቅማል። በርሜሉን በደንብ ክደኑት፤ ትንኝ ይራባበታል። የሲሚንቶ ገንዳ አይሁን።

የዝናቡ ውኃ ሲያልቅ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙና በወረቀት ለካ ለካ እያደረጋችሁ 5.5 አካባቢ አድርሱት። ሸክላውም ይሆናል፦ አፉ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከጥልቀቱ ስፋቱ የሚበልጥ፣ ከሥሩ ጥሩ ቀዳዳ ያለው።

ኮምፖስት፦

የእምቦጩን ነገር እኔ ልመልስ። ለእነዚህ ተክሎች አይሆንም። ኮምፖስቱ ፖታሲየም ይበዛበታል፤ ፒኤቹም ብዙ ጊዜ ከ7 በላይ ነው። ከዚህ የሚከፋው ዘሩ ነው፤ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከግቢ በጎርፍ ቦይ ታጥቦ ተመልሶ ጣና ይገባል። ስለዚህ በራሱ ሙቀት በደንብ ያልተብላላ ክምር ለሌላ ተክልም ቢሆን ከቦይ አጠገብ አይደረግ።

ፍጉ ትኩስ ከሆነ ቀጭኑን ሥር ያቃጥለዋል። ዓመት የቆየና ሽታ የሌለው ከሆነ፣ በዓመት አንዴ ሰኔ ላይ በጣም ስስ አድርጎ መነስነስ ይበቃል። ተክሉ አገግሞ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሲሆን በካሬ ሜትር 15 ግራም አሞኒየም ሰልፌት ስጡት። እሱ ከጠፋ ዩሪያ 7 ግራም በ10 ሊትር ውኃ አሟሙቶ መስጠት ይቻላል። አንዴ አበባው እንደረገፈ፣ አንዴ ሐምሌ ላይ፤ መስከረም ከገባ በኋላ አበባው እስኪረግፍ አትስጡ። ዳፕና ኤንፒኤስ የሚባሉት ማዳበሪያዎች ፎስፈረሳቸው ብረቱን ይበልጥ ስለሚይዝ ይቅሩ። ለአሁኑ ቢጫነት ብረት ሰልፌት 2 ግራም በ1 ሊትር ውኃ፣ አመሻሽ ላይ ቅጠሉ ላይ ይረጭ፤ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩት። ሲሚንቶ ላይ ከነካ የዝገት ምልክት ይተዋል። በሁለት በሦስት ሳምንት የሚለወጠው አዲሱ ቅጠል ነው፤ አሮጌው ቢጫ እንደሆነ ሊቀር ይችላል።

ችግኝ ጣቢያ፦

እህቴ፣ ስለ ትልቁ እውነቱን ልንገርሽ። አፈሩን ብታስተካክዪውም እንቡጡ ላይፈካ ይችላል። ሰፊ ቅጠል ያላቸው ድቅሎች የመጡት ከሂማላያ፣ ከቻይናና ከካውካሰስ ተራሮች ዝርያ ነው፤ እንቡጣቸው እንዲነቃ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ናት። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል፤ ከዚያ የካቲት ገና ሳያልቅ ከሰዓት በኋላው ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በግማሽ የነቃው እንቡጥ በዚያ ሙቀት ይደርቃል። እንጅባራ ወይም ደብረ ታቦር ዘመድ ካለሽ ለእሱ ብትሰጪው ተክሉ ይደሰታል። የእኛው አስታ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ያ ጉናና ጮቄ ላይ እንጂ ጣና ዳር ሜዳ ላይ አይገኝም።

አዛሊያው ግን ይሆንሻል። አዲስ መግዛት ከፈለግሽ ቪሬያ የሚባሉትን ሮዶደንድሮኖች ፈልጊ፤ ከኒው ጊኒና ከቦርኒዮ ደጋ የመጡ፣ እንቡጣቸው ብርድ የማይጠይቅ ናቸው። ብዙዎቹ በትውልድ አገራቸው ዛፍ ላይ ስለሚበቅሉ አፈራቸው ከአዛሊያው በላይ ሻካራ ይሁን፦ 2 እጅ ቅርፊት፣ 2 እጅ ጠጠር፣ 1 እጅ የበሰበሰ ቅጠል።

ቦታው በምሥራቅ በኩል ሆኖ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፣ ከዚያ ጥላ። የዋርካ ወይም የባሕር ዛፍ ሥር በሚደርስበት አትትከዪ፤ ውኃውን ይሻማዋል። መግረዝ ካስፈለገ አበባው እንደረገፈ፣ ወር ሳይሞላው ይሁን። ዘግይተሽ ከቆረጥሽ የምትቆርጪው የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ነው። የደረቀውን አበባ በጣት ቀጥፈሽ አንሺ፤ አዲሱ ቡቃያ ከሥሩ ስላለ በመቀስ አትቸኩዪ።

አረንጓዴ ግቢ፦

ሳታዛውሯቸው በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ወደ ታች ከተንጠለጠለ፣ ከግንዱ ሥር ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ደኅና ነው። ቀይ ቡናማ ከሆነ ፋይቶፍቶራ ገብቷል፤ አይድንም። ነቅላችሁ አቃጥሉት፣ አዲሱን መደብም እዚያው ቦታ ላይ አትሥሩ።

በደረቁ ወራት ቅጠሉ በጥቃቅን ቢጫ ነጠብጣብ ከተሞላ ገልብጣችሁ እዩ። ስስ ድር ካለ የሸረሪት ዝርያ የሆነ ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ደግሞ ክንፈ ጥልፍ ተባይ። ለሁለቱም በ1 ሊትር ውኃ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ የቅጠሉን ጀርባ በየአምስት ቀኑ አመሻሽ ላይ እርጩ።

ሌላው፣ ቅጠሉም አበባውም መርዝ አለው፤ ለበግ፣ ለፍየልና ለከብት አደገኛ ነው። የፋሲካ በግ ግቢ ውስጥ ስታስሩ ገመዱ ወደ ተክሉ እንዳይደርስ፣ የተገረዘውንም ቅርንጫፍ መንገድ ላይ አትጣሉት። በልቶ ምራቁን ካዝረበረበ፣ ካስመለሰውና እግሩ ከዛለ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፤ የበላውንም ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ።