«የግል ንግድ» ነበር?

የታሪክ ተማሪ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ በህንድና በምሥራቁ ዓለም ይነግድ ስለነበረው የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ «የግል ንግድ ነበር፣ መንግሥት እጁ የለበትም» ብሎ ጻፈ። በጣም ነው ያናደደኝ። እ.ኤ.አ. በ1600 ቻርተሩን፣ ማለትም የንግድ ፈቃዱን፣ የሰጠችው ንግሥት ኤልሳቤጥ አይደለችም? ሌላ እንግሊዛዊ ወደ ምሥራቅ ሄዶ እንዳይነግድ የከለከለውስ ማነው?

ነጋዴው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ያው ነኝ። ፈቃድ መስጠት ሌላ፣ ባለቤት መሆን ሌላ። የኔም ንግድ ፈቃድ በፍሬም ሆኖ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ታዲያ ሱቁ የመንግሥት ሆነ? መርከብ ሲሰምጥ የሚከስሩት ባለአክሲዮኖቹ ናቸው።

የታሪክ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ፈቃድ ወታደር ቀጥረህ አገር እንድትወጋ ይፈቅድልሃል? የኩባንያው የጦር አዛዥ ሮበርት ክላይቭ በ1757 ህንድ ውስጥ ፕላሲ ላይ የቤንጋልን ገዥ አሸንፎ በቦታው ሚር ጃፋርን ተካ፤ ከሱም 234,000 ፓውንድ ወሰደ። ከዚያ እንግሊዝ ተመልሶ የፓርላማ ወንበር ያዘ። በ1773 ፓርላማው መረመረው። ገንዘቡን መውሰዱን መዝግቦ፣ ለአገሩ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል ብሎ ለቀቀው። መርማሪና ተመርማሪ አንድ አዳራሽ የሚቀመጡበት ነገር እንዴት «የግል» ይባላል?

ሻይ ወዳድ፦ ክላይቭ እኮ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1695 ኩባንያው ለቻርተሩ ብሎ ጉቦ ሲበትን ተደርሶበታል። የኩባንያው የበላይ ኃላፊ የነበረው ቶማስ ኩክ ታሰረ። የንጉሡ ምክር ቤት ሰብሳቢ የሊድስ መስፍን በ5,500 ጊኒ (የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም) ጉቦ ተከሰሰ። ዋናው ምስክር አገር ጥሎ ጠፋ፣ ክሱም በዚያው ቀረ።

ነጋዴው፦ ይኸው! ጉቦ የሚሰጠው ደጅ የሚጠና ሰው ነው። ቤቱ የራሱ ቢሆን ምን ያስከፍለዋል?

ሻይ ወዳድ፦ ደጅ የጠናውማ ገባ! በ1773 ኩባንያው ሊወድቅ ሲል ፓርላማው 1.4 ሚሊዮን ፓውንድ አበደረው። ሻዩንም አሜሪካ ወስዶ በርካሽ እንዲሸጥ ሕግ አወጣለት። በዚያው ዓመት ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ባሕር ውስጥ የተጣለው ያ ሻይ ነው።

አምስተርዳም ነዋሪ፦ የደቾቹንም (የሆላንዶቹን) የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ አትርሱ። እዚህ የኩባንያው ዳይሬክተርና የከተማው ከንቲባ አንድ ሰው የሆነበት ጊዜ አለ።

ነጋዴው፦ ስለ እንግሊዝ ነው የምናወራው፣ ደቹን አታስገባ።

አምስተርዳም ነዋሪ፦ ለምን አላስገባም? እንግሊዝ ብቻ ይሁን ያለህ ማነው?

እናት ዓለም፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁም የቤንጋልን ገበሬ ረሳችሁት። በ1770 ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ ኩባንያው ግብሩን መሰብሰብ አላቆመም። ግብር ደግሞ መንግሥት ነው የሚሰበስበው፣ ነጋዴ አይደለም።

ነጋዴው፦ እማማ፣ በረሃቡ ጉዳይ እውነትዎን ነው። ግን ግብር የመሰብሰብ መብቱን በ1765 የሰጣቸው የህንዱ የሙጋል ንጉሥ እንጂ ለንደን አይደለም። «የግል ንግድ» ያልኩትን አላነሳም።

የታሪክ ተማሪ፦ በጦር የተሸነፈ ንጉሥ «ሰጠ» ይባላል?