የተዘጋ የአእምሮ ሆስፒታል፣ ጭምብል ያጠለቁ ሠራተኞች፣ የድሮ ቴፕ፦ የዚህን ፊልም ስም የሚያውቅ አለ?

ቤቲ፦
ሰላም ወገኖች። አንድ ፊልም ጠፍቶብኛል። ከዓመታት በፊት ማታ ቴሌቪዥን ላይ መሐሉን ብቻ ነው ያየሁት፤ ከዚያ መብራት ሄደ። የተዘጋ ትልቅ የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ጭምብልና ቱታ የለበሱ ሠራተኞች ያጸዱታል። አንደኛው ከሌሎቹ ተደብቆ የድሮ ቴፕ ያዳምጣል። ቴፑ ላይ አንዲት ሴት ታወራለች፤ ድምጿ ግን አንዴ የልጅ፣ አንዴ የሌላ ሰው ይሆናል።

ሌላም ልጨምር። ቅዳሜ ማታ ከአክስቴ ጋር ፊልም እናያለን። እሷ ሥነ ልቦናዊ ትሪለር ነፍሷ ነው። ግን ራሷ የአእምሮ ሕመም ታክማ የዳነች ናት። ታማሚውን አውሬ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም እሷ ፊት መክፈት አልፈልግም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተሠራ፣ ደም የማይበዛበት ምን አለ?

ዳዊት፦
«ሴሽን ናይን» ነው። የ2001 ፊልም፣ ዳይሬክተሩ ብራድ አንደርሰን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሠራተኞቹ የሚያወጡት አስቤስቶስ የሚባል የድሮ የግንባታ ቁስ ነው፤ ሳንባ ስለሚጎዳ ነው ጭምብሉ። አለቃቸው ገንዘብ ቸግሮታል፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፣ ሥራውን በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ሰዎቹን ቀስ በቀስ የሚበላቸው ያ ጥድፊያ ነው። ጨለማ የሚፈራ ወጣት አለ። ጄነሬተሩ ሲቆም ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ አምፖሎቹ ከኋላው አንድ በአንድ እየጠፉ እሱ ወደ ፊት ይሮጣል። መብራት እየሄደበት ያደገ ሰው ያቺን ሩጫ ያውቃታል።

ለአክስትሽ ግን አልመክርም። መጨረሻው አካባቢ ደም አለ፤ ቴፑም የአንዲት ታማሚ ወንጀል ነው የሚያወራው። ብቻሽን እዪው።

ማሂ (ማሳቹሴትስ)፦
ቦታው እውነተኛ ነው። ዳንቨርስ የሚባል ሆስፒታል ነበር፣ ከቦስተን በስተሰሜን። በ1878 ተከፍቶ በ1992 ተዘጋ። ፊልሙ ከተሠራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኛው ፈርሶ አፓርታማ ሆነ። ባለፈው መኸር ሄጄ ነበር። የፊቱ የጡብ ግንብ አሁንም ቆሟል፤ ሥሩ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ወረድ ሲሉ የታካሚዎቹ መቃብር አለ። ምልክቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሣር ውጧቸዋል። የተጻፈባቸው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ጎንበስ ብዬ የአንዱን ሣር ጠረግሁለት።

ሲስተር ሐና፦
ቤቲዬ፣ ለአክስትሽ እንዲህ ማሰብሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። እነዚያ ግንቦች መጀመሪያ ለክፋት አልተሠሩም። ንድፉ የአሜሪካዊው ሐኪም የቶማስ ኪርክብራይድ ነው። ክንፎቹን ያስረዘመው እያንዳንዱ ክፍል ብርሃንና ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ብሎ ነው። አንድ ሆስፒታል ከ250 ሰው በላይ እንዳይዝም ይመክር ነበር። ዳንቨርስ ግን ከ2,000 በላይ ታጨቀበት። እንዲያ ሲሆን ማከም ይቀርና መጠበቅ ብቻ ይሆናል። ጥሩ ፊልም ፍርሃቱን የሚያመጣው ከዚህ ነው፣ ከታማሚው አይደለም።

ስለዚህ «ስቶንኸርስት አሳይለም»ን (2014) እዩ። ያው አንደርሰን ነው የሠራው፤ መነሻው የኤድጋር አለን ፖ አጭር ልቦለድ ነው። በ1899 የገና ሰሞን አንድ ወጣት ሐኪም ሊማር ይመጣል፤ እያደር ማን ሐኪም፣ ማን ታማሚ እንደሆነ ይምታታበታል። ታማሚው እንደ ሰው ይታያል። በኤሌክትሪክ የሚሠቃይ ሰው ስላለ ግን ልብ በሉ።

«ሸተር አይላንድ»ንም (2010) ብዙ ሰው ይጠራልሻል። ታሪኩ በ1954 ነው፤ ክሎርፕሮማዚን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደበት ዓመት። እኛ ዛሬም የምንሰጠው መድኃኒት ነው። ፊልሙ ውስጥም ክርክሩ ይኸው ነው፦ የአንጎል ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት ወይስ ቁጭ ብሎ ማውራት? እኔ ያን ክፍል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ግን የልጆች ሞት አለበት። እናም ቀድመሽ ንገሪያትና ራሷ ትምረጥ።

ጋሽ መስፍን፦
ጥቁርና ነጭ ካልሰለቻችሁ «ቤድላም» (1946) አለ። ለንደን፣ 1761። ጎብኚ ከፍሎ ታማሚ ያያል፤ በእውነተኛው የቤትለም ሆስፒታልም ይደረግ የነበረ ነገር ነው። አንዲት ሴት ይህ ይቅር ብላ ስትነሳ ኃላፊው እሷኑ ያስገባታል። ኃላፊውን ሆኖ የሚተውነው ቦሪስ ካርሎፍ ነው። ሲናገር እንዴት ትሑት እንደሚመስል እዩት፣ ከጩኸት ይልቅ ያ ነው የሚያስፈራው።

ቤቲ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አክስቴን ጠየቅኋት፣ «ስቶንኸርስት» ይሁን አለች። ስለ መቃብሩ ሳነብላት ግን ዝም ብላ ቆየችና «ስማቸውን የሚያውቅ የለም?» አለችኝ። ማሂ፣ ታውቂያለሽ?

ማሂ፦
አለ። የቀድሞ ታካሚዎች ራሳቸው ተሰባስበው ስማቸውን ፈልገው አገኙላቸው። አሁን እዚያው መቃብሩ ቦታ ተጽፎ ይነበባል። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ፤ አሳዪያት።