በዋሽንግተን ዲሲ ያለ አግባብ ያሰረን ፖሊስ ስለ መክሰስ

ልጃቸው በዲሲ ተይዞ ካደረ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ስላነሣላቸው እናታችን፦

እንኳን ልጅዎ በሰላም ወጣልዎ። ሆኖም የክሱ መነሣት ብቻውን እስሩ ሕገ ወጥ ነበር አያሰኝም። ፍርድ ቤት የሚመረምረው የልጁን ንጽሕና ሳይሆን፣ ፖሊሱ በያዘው ሰዓት የነበረው መረጃ አስተዋይ ሰውን ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ለማሳመን ይበቃ እንደ ነበር ነው። ብዙ ወገኖቻችን ክስ ሲነሣላቸው ካሳ ማግኘታቸው የተረጋገጠ ይመስላቸዋል፤ አቤቱታቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው።

የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ሕግ ክስ ለመክፈት የሚሰጠው ጊዜ፣ አጭር ነው። በዲሲ ሕግ ከተማውን መክሰስ የሚፈልግ ሰው ጉዳቱ መቼ፣ የትና በምን ሁኔታ እንደ ደረሰበት በ6 ወር ውስጥ ለከንቲባው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ያለ አግባብ ታሰርሁ የሚለውን ክስ ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ መክፈት አለበት። የመንግሥት ባለ ሥልጣን ሕገ መንግሥታዊ መብቱን የጣሰበት ሰው እንዲከስ የሚፈቅደው፣ አንቀጽ 1983 የሚባለው የፌዴራል ሕግ (ቁጥሩ የዓመት አይደለም፤ ሕጉ የወጣው በ1871 እ.ኤ.አ. ነው) በዲሲ 3 ዓመት ይሰጣል፤ ዜጋ ላልሆነም ያገለግላል። ነገር ግን በዚህ ሕግ ከተማው የሚጠየቀው በደሉ ከራሱ መመሪያ ወይም ከተለመደ አሠራሩ የመጣ ሲሆን ብቻ ነው፤ ፖሊሱም የጣሰው መብት አስቀድሞ በግልጽ የታወቀ አልነበረም ብሎ ከክሱ ሊያመልጥ ይችላል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ይህ ከለላ ከሚገባው በላይ ሰፍቷል።

ሌላው ፊርማ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያነሣው ልጅዎ ፖሊስን ላይከስ ተስማምቶ ከሆነ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 እ.ኤ.አ. እንደ ወሰነው፣ በፈቃደኝነት የተፈረመ እንዲህ ያለ ስምምነት ሊጸና ይችላልና ወረቀቱን አስቀድመው ለጠበቃ ያሳዩ።

ልጅዎ ገና ዜግነት ያልወሰደ ከሆነ፣ የጉዳዩን የተረጋገጠ የፍርድ ቤት ቅጂ ሳይዝ መዝገቡን ለማሳሸግ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያየው ለማስዘጋት፣ አይቸኩል። የዜግነት ማመልከቻው መዝገቡ ታሽጎም ቢሆን ስለ እስር ይጠይቃል፤ በዚያን ጊዜ ጉዳዩ እንዴት እንደ ተዘጋ የሚያሳይ ወረቀት ማግኘት ያስቸግራል።

ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ካሜራ የቀረጸው ለዘለዓለም አይቀመጥም። ስለዚህ ጠበቃው ቅጂው እንዳይጠፋ የሚጠይቅ ደብዳቤ ቶሎ ይላክ። ክፍያው ካሳሰበዎ፣ በአንቀጽ 1983 ለረታ ከሳሽ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ እንዲሸፍን ፍርድ ቤቱ ሊያዝ እንደሚችል ይወቁ።