ስለ ኤምአይቲ ተማሪዎች የሚወራው እውነት ነው እንዴ?

እባካችሁ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ኤምአይቲ (አሜሪካ ያለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) ተቀብሎኛል። ሌላ ጥሩ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎኛል። እስከ ሜይ 1 አንዱን መምረጥ አለብኝ።

የሚያስፈራኝ ስለ ኤምአይቲ ተማሪዎች የሚወራው ነው። ሁሉም የሂሳብ ሊቅ ነው፣ እንቅልፍ አያውቅም፣ ከኮምፒውተሩ ሌላ ጓደኛ የለውም ይባላል። እኔ ጎበዝ ነኝ እንጂ ሊቅ አይደለሁም። ጨዋታ እወዳለሁ። ካልተኛሁ ደግሞ ራሴን ያመኛል።

ያነበብኩት ግን ከወሬው ጋር አልገጥም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የዩኒቨርሲቲው ትልቁ ጉልላት አናት ላይ የፖሊስ መኪና አስመስለው የሠሩትን የመኪና አካል የሰቀሉት እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። ውስጡ አሻንጉሊት ፖሊስ አስቀምጠው ዶናት ሁሉ ገዝተውለታል! ቀስት፣ ሽጉጥ ተኩስ፣ የሻምላ ግጥሚያና በሸራ ጀልባ መጓዝ ለተማረ ተማሪ ደግሞ የባህር ወንበዴነት ሰርተፍኬት ይሰጣል። ይሄ የደረቀ ሰው ሥራ ነው?

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ካለፍክ "አልፏል" ይባላል፣ ከወደቅክ ትራንስክሪፕትህ ላይ አይጻፍም። ደግነት ነው ወይስ ለሚመጣው መከራ ማለማመጃ?

እዚያ የተማራችሁ ወይም የቅርብ ሰው ያላችሁ፣ የቤት ሥራውን ተሰብስበው ነው የሚሠሩት ወይስ እርስ በርስ ይፎካከራሉ? መካከለኛ ተማሪ ችግሩን ለሰው ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ከምር፣ ማታ ስንት ሰዓት ነው የሚተኙት?